ሦስት አዩት

ከዘጌ ወደብ ዝቅ፣ ደንገል የከበባት
አንዲት ድንጋይ አለች፣ ወፍ የሚያርፍባት።
ሁለት መስመር ኔትወርክ ከእሷ ላይ ይገኛል፤
አንድ ርምጃ ፈቀቅ ካልሁ ስልኬ ይተኛል።
እዚያ ነው የኔታን በክንዴ ደግፌ
ማታ ማታ የማደርስ፣ ጭቃውን አልፌ።

የኔታ ልሳነወርቅ ዓይናቸው ከጠፋ
ሠላሳ ዓመት ሆነ፤ ትርጓሜው ግን ሰፋ።
ስልኩን በጣታቸው ዳሰሱት ዳር ዳሩን፤
«ይህስ ደቀ መዝሙር፣ ይይዛል ነገሩን?
ስሙስ ማነው?» ሲሉኝ «ሳምሰንግ ነው» አልኋቸው።
«ሳምሶን? እንደ እኔው ነው!» ሐይቁን አለፈው ሳቃቸው።

ያን ማታ ያስተማሩት ሳምራዊቷን ሴት፣
ቀትር ላይ፣ ብቻዋን፣ ከያዕቆብ ጉድጓድ ፊት።
ጫንሁት። መረቤን ጥዬ ሌሊቱን ስጠብቅ፣
ሺህ ይመጣል ስል፣ ጀልባዬ እስኪጣበቅ፣
ነጋ።
ሦስት አዩት።

«ስንት ሰው ሰማን?» አሉኝ። አፈርሁ። «ሦስት» አልሁ።
«እነማን?» «አንዱ እኔ፤ ደግሜ እያየሁ።
ሁለተኛዋ ማዘንጊያ፣ እኅቴ፤
እንዳይከፋኝ ብላ፣ እንዳይሰበር አንጀቴ።»
«ሦስተኛውስ?» «እንጃ፤ ስም የለው፣ ፊት የለው፤
በስሙ ፈንታ ያለው የአደይ ሥዕል ነው።»
«እንግዲያ ነገ ማታ ለእሱ ነው የማወራው።»

ከዚያ ማታ ወዲህ የኔታ ሲያስተምሩ
ፊታቸው እንዳለ ሰው ነው የሚናገሩ።
ከምሥጢሩ መሐል ድንገት ያቆሙና
«ደከመህ እንዴ ልጄ? ውኃ ጠጣ በልና፤
እኔም ልጠጣ» ብለው ከቅላቸው ይጎነጫሉ፤
ሦስተኛው እስኪጠጣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ።
«ዝምታውን ልቁረጥ?» ብላቸው ተቆጡኝ፤
«የተጠማ ሰው ጉሮሮ አትቁረጥ!» አሉኝ።

እኔ ግን ቁጥር ራበኝ።
አንድ ቀን፣ ሳልነግራቸው፣ ቀይ ጽሑፍ ለጠፍሁበት፤
«ጉድ ፈላ! ሽማግሌው ያወጡት ምሥጢር» አልሁት፤
አፉን የከፈተ ሰው ምስል ደረብሁበት።
ዘጠኝ ሺህ ተጎተተ።
ስድብ መጣ፤ ያንተ እምነት፣ የኔ እምነት መጣ፤
ሳምራዊቷን ግን የጠየቀ ታጣ።
«ዘጠኝ ሺህ!» አልኋቸው። ዝም አሉ። ቆይተው፣
«ባለ አደዩስ?» አሉኝ፤ «ከመሐል አየኸው?»
ፈለግሁ። አላገኘሁም።
ቀዩን ጽሑፍ አጠፋሁት።

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ሳምንት። ቀጥሎ ወር።
ድንጋይዋ ለወፉ ድንጋይ ብቻ ሆና ቀረች።
የኔታ ግን አልቀሩም። «የትም አይደርስም» ስላቸው፣
«ጣና ላይ ሲዘንብ ጠብታውን ማን ቆጠረው?» አሉኝ።
ቀዳሁት፤ ከጥፍሬ በማይበልጥ ሚሞሪ ካርድ፣
ለጀልባ ነጂው ሰጠሁት፤
ጀልባ ነጂው ለባለ ባጃጅ፣
ባለ ባጃጁ ለማን እንደሰጠው እንጃ።

ጥቅምት ላይ ባሕር ዳር ተሻገርሁ፤ የጫማ ማስቲሽ ልገዛ።
ከዓሣ መሸጫው ዳር አንዲት ሴት ቆሮሶ ትፍቃለች፤
ክንዷ እስከ ክርኗ ቅርፊት ለብሷል።
ከሚዛኑ ሥር፣ በፌስታል ከተጠቀለለ ስልክ፣
የማውቀው ሳል ተሰማ፤
ከዚያ ጉድጓዱ፣ ከዚያ ቀትሩ፣ ከዚያም
«ደከመህ እንዴ ልጄ? ውኃ ጠጣ በልና…»

ቢላዋዋን አስቀመጠች።
እጇን በቀሚሷ ጠረገች።
ከቢጫው ጀሪካን ቀድታ
ጠጣች።
ዝምታው እስኪያልቅ ጣሳዋን ይዛ ቆየች፤
ገዢ ቢጣራም ዞር አላለች።

የስልኩን ፊት አላየሁም፤ አደይ ይኑርበት አይኑርበት።
ሁለት ቆሮሶ ገዛሁ። ማን እንደሆንሁ አልነገርኋት።
ማስቲሹንም ረሳሁት።

ማታ፣ ከድንጋይዋ ላይ፣ ይህን ስነግራቸው
የኔታ ብዙ ቆዩ፤ ቅላቸው ከእጃቸው።
ከዚያ፣
«ውኃው ቀዝቃዛ ነበር?» አሉኝ።